ግድግዳ የማያልፍ ድምፅ

ሰውየው ሳሎኑ መሃል ቆሞ አጨበጨበ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄዶ ደግሞ አጨበጨበ፤ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት አዳመጠና በመስኮቱ በኩል ደገመው።

ውዳሴ በሩ ላይ እጆቿን አጣምራ ታየዋለች። የጠራችው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ የሚሠራ አናጢ ነው። ሜትሩን ዘርግቶ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል ብላ ነበር። እያጨበጨበ ቤት የሚዞር አናጢ ግን አይታም ሰምታም አታውቅ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችው።

«ቤቱ ምን እንደሚል እየሰማሁ ነው» አለና ሳቀ። ሳቁ ከሰውነቱ ይተልቃል። «ግድግዳው ብሎኬት፣ መጋረጃው ስስ፣ ወለሉ ባዶ። ድምፅ የሚይዘው ነገር ስላጣ እየዘለለ ጎረቤት ይገባል።»

«ጎረቤት መግባቱንማ ደብዳቤው ነግሮናል» አለች ውዳሴ፣ ሳትስቅ።

ደብዳቤው ከብሎኩ ኮሚቴ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ነው። የውዳሴ አባት አቶ መሸሻ መርካቶ አርባ ዓመት ጣቃ ሸጠው፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጆሯቸው ደክሟል። ቀን ቀን ልጃቸው ሥራ ስትውል አብሯቸው የሚውለው ቴሌቪዥኑ ነው፤ በተለይ ወደ አማርኛ የተመለሰው የዘጠኝ ሰዓቱ የቱርክ ድራማ። ያን ድራማ እሳቸው ሲከፍቱት ብሎኩ በሙሉ ይከታተለዋል፤ ታች ሱቅ ዳቦ የሚገዛ ሰው ሳይቀር ማን ማንን እንደከዳ ያውቃል። የጆሮ ማዳመጫ ቢገዛላቸው «ቤት ውስጥ ብቻዬን የቀረሁ ይመስለኛል» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ ደግሞ ድምፁን ቀንሰው የተዋናዮቹን ከንፈር ብቻ እያዩ ይውላሉ። ውዳሴ ከሥራ ስትገባ እንዲያ ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። ሦስተኛ ደብዳቤ ከመጣ ነገሩ ወረዳ ይደርሳል ተብሏል።

የሥራ ባልደረባዋ ናት ይህን ሰው የጠቆመቻት። ሞቲ ቀጄላ ይባላል፤ ከ18 ማዞሪያ ጀርባ ትንሽ ወርክሾፕ አለው። ለጠባብ ቤት የሚሆን የቴሌቪዥን ዕቃ ይሠራል፤ ስፒከሩን ሳይቀር ከነሳጥኑ በእጁ ነው የሚገጣጥመው። «ግድግዳ የማያልፍ ድምፅ ነው የምፈልገው» አለችው በስልክ። «ይቻላል» አላት። እንዲህ በቀላሉ ይቻላል የሚል ሰው እሷ አታምንም።

ነገሩ መጠርጠር ሥራዋም ነው። አስኮ አንድ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ጫማ እየገለበጠች ኮላው የት እንደሳሳ፣ ስፌቱ የት እንደዘለለ ትፈልጋለች። ለአዲስ ሠራተኞች «ጥሩ ጫማ የሚባል የለም፤ ጉድለቱ ገና ያልተገኘ ጫማ ነው ያለው» ትላቸዋለች። ያው ዓይኗ ከሥራ ስትወጣም አብሯት ይወጣል። ደግሞም ያለ ምክንያት አይደለም። ዋንዛ ነው ተብላ የገዛችው አልጋ ባልዲ ውኃ የተደፋበት ዕለት እግሩ እንደ ሊጥ አብጦ ከሰጋቱራ የተጋገረ ችፑድ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ላገባሽ ነው» ያላት ሰው ደግሞ ሐዋሳ ሚስት ነበረችው። ሁለቱን ስታወራ በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ከላይ ዋንዛ፣ ከውስጥ ችፑድ።

ሞቲ አቶ መሸሻ ሶፋ ፊት በርከክ አለ። «አባባ፣ የትኛው ጆሮ ይሻላል?» ብሎ ጮክ አለ።

«ግራው!»

«እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርግዎት ወደ የት ነው የሚያዘነብሉት?»

አቶ መሸሻ ጭንቅላታቸውን ሶፋው ላይ አስደግፈው አሳዩት። ሞቲ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውጥቶ ጭንቅላታቸው ያረፈበትን ቦታ በቀስታ ምልክት አደረገበት። ያን ጊዜ የውዳሴ ልብ ሳታዘው ትንሽ ደንገጥ አለ። አባቷን እንዲህ በጥንቃቄ የነካ ሰው ካየች ቆይታለች። ወዲያው ግን ሶፋው ላይ እርሳስ መሰመሩ ትዝ አላትና ተቆጣች።

ሊሄድ ሲል ሁለት ትንንሽ የስፒከር ሳጥኖች ከቦርሳው አውጥቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ፤ ጀርባቸው በብሎን የተዘጋ ነው።

«እነዚህ ለሙከራ ይቀመጡ። ቤት ድምፁ የሚታወቀው ሰው ሲኖርበት ነው። በየቅዳሜው እየመጣሁ አያቸዋለሁ። ቅር ይልሻል?»

እርስዎን ትቶ አንቺ ያላት ያን ጊዜ ነው። ይህንንም መዘገበችው።

በሳምንቱ የቀለም ናሙና ላከላት፤ አንዱ ጠቆር ያለ ቡኒ፣ አንዱ የእንጨቱ የራሱ መልክ። ውዳሴ ጠቆር ያለውን ለአባቷ እያሳየች «አባዬ፣ ይሄ እኮ የሬሳ ሣጥን ነው የሚመስለው!» ብላ ጮኸች። እዚያ ቤት ሁሉም ነገር በጩኸት ነው የሚባለው፤ ካልሆነ አቶ መሸሻ አይሰሙም። ልማድ ሆኖባት በስልክም ትጮኻለች።

በማግስቱ ወርክሾፑ ስትሄድ ገና አፏን ሳትከፍት ሞቲ ጠቆር ያለውን ጣውላ ወደ ጥግ ገፋው። «ይሄን ትቼዋለሁ። ለሰው ቤት ይከብዳል፤ ሳጥን ሳጥን ይላል...» አለና የቀረውን ዋጠው።

ውዳሴ የተዋጠችውን ቃል ፊቱ ላይ ፈለገቻት። አላገኘቻትም።

ደግሞ አንድ ቀን አቶ መሸሻ «እግሬን ትንሽ ከፍ የማደርግበት ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር» አሉ። ሞቲ ቅዳሜ ሲመጣ ሶፋውን ትቶ ለእሳቸው ብቻ የሚሆን ወንበር ነድፎ ይዞ መጣ። ወንበሩ የእግር ማሳረፊያ አለው።

«አባዬ፣ ነግረኸው ነበር?»

«ማንን?»

«ሞቲን!»

«አልነገርኩትም። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ገብቶት ነው።»

ገብቶት! እሷ ለአሥር ዓመት ጫማ ስትገለብጥ በራሱ የገባው ሰው አላየችም። ያም ሆኖ ቅዳሜ ሲመጣ የሚያምረውን ሹራብ ትለብሳለች፤ ለምን እንደምትለብሰውም ራሷን አትጠይቅም። ከአብሮ አደጓ ከሰርኬ ጋር በስልክ ስታወራ ነው ያመለጣት።

«ሳቁ ደስ ይላል አልኩሽ! ሲስቅ ቤቱ ይሞላል። ግን ያስፈራኛል፣ ሰርኬ። እንደዚያ የሚስቅ ሰው የሆነ የሚሸፍነው ነገር አለው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞቲ መጣና አልሳቀም። አቶ መሸሻ ያችን የመርካቶ ቀልዳቸውን፣ ጣቃ ሊሰርቅ መጥቶ ጣቃው ውስጥ እንቅልፍ የወሰደውን ሌባ አወሩለት። ሞቲ ከንፈሩን ገጥሞ ሽቦ ሲያይ ቆየ። እንደመጣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ውዳሴ ሳቁ ናፈቃት። ቀጥሎ ነገሩ ገባት። ሰምቷል። ያን ለሰርኬ ብቻ ያለችውን ነገር ሰምቷል።

ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ባሉት ሁለት ሳጥኖች ላይ አረፈ።

እሑድ አባቷ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ ከጥበቃው ካቻቪቴ ተውሳ የአንዱን ሳጥን ጀርባ ፈታች። ውስጡ ነጭ ጥጥ ተሞልቷል። እፍኝ እፍኝ እያደረገች ጎትታ አወጣችው። ከጥጡ ሥር ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ መዳብ ሽቦ የተጠመጠመባት፣ አጠገቧ ጣት የምታክል ነገር የቆመባት።

«ያዝኩህ» አለች ውዳሴ።

ሽቦዎቹን ከመቆንጠጫቸው አላቅቃ፣ ሰሌዳዋን በመሐረብ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ 18 ማዞሪያ ወረደች። ስልክ የሚጠግነው መህዲ ዕቃዋን በማጉያ መነጽሩ አገላብጦ አያት።

«ይሰልላል አይደል?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቤት ውስጥ የሚወራውን ይሰማል?»

መህዲ ቀና ብሎ አያትና ሳቁ መጣ። «እህቴ፣ ይሄ ባትሪ የለው፣ ሲም የለው፣ በምን ይደውላል? ቀጭኑን ድምፅ ለትንሿ ስፒከር፣ ወፍራሙን ለትልቋ የሚያካፍል ነው። አካፋይ በዪው። ግን የሠራው ሰው እጅ አለው፤ ብየዳውን እዪው እስቲ፣ ጥልፍ እኮ ነው!»

ውዳሴ አፍራ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ደስ እያላት ነበር፤ ንጹሕ ሰው ነው ለካ። ቤት ደርሳ ሰሌዳዋን መልሳ፣ ጥጡን ጠቅጥቃ፣ ብሎኑን ስታጠብቅ ግን ደስታዋ ጥሏት ሄደ። ሳጥኑ ካልነገረው ማን ነገረው?

መልሱን ረቡዕ አገኘችው። ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት ቶሎ ተለቀቁ። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ግድግዳ የሚጋሯቸው የእትዬ ዋጋነሽ በር ተከፈተ። ኮሚቴው ዘንድ የሚከሱት እሳቸው መሆናቸውን ብሎኩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በር የወጣው ሞቲ ነው። ጫማውን በእጁ ይዟል፤ ወደ ውስጥ ዞሮ «ገላቶማ» ብሎ እያመሰገነ ነበር። ሲዞር ከውዳሴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሞቲ ሊዋሽ እንኳ አልሞከረም። «ቤታችሁን እየሰማሁ ነበር።»

«ምን?»

«ግድግዳ የማያልፍ ድምፅ ነው ያዘዝሽኝ። ማለፍ አለማለፉ የሚታወቀው ከዚህ ወገን ሲሰማ ነው። እሳቸውን አስፈቅጄ ነው የገባሁት።»

«እኔንስ አስፈቅደሃል?»

ሞቲ በእጁ የያዘውን ጫማ አየ።

«የሬሳ ሣጥኑን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«የእግር ማሳረፊያውን።»

«እሱንም።»

«ከሰርኬ ጋር ያወራሁትን» አለች።

አንገቱን ደፋ። «ሁለቱን ጊዜ ለሥራ ነው የመጣሁት። ከዚያ በኋላ የማዳመጡ ሥራ አልቆ ነበር። ድምፅሽን ልሰማ ነው የመጣሁት። ዛሬም ለእሱ ነው፤ ገና ከሥራ አልገባሽም ብዬ ስመለስ ነው ያገኘሽኝ።»

ይህን ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ቢላት ኖሮ ደስ ይላት ነበር። ደረጃው ላይ ግን የሐዋሳው ሰውም፣ የአልጋው እግርም፣ ሁሉም ተሰልፈው ታዩአት።

«ይሄ ሌብነት ነው!»

«ነው» አለ ሞቲ። ጫማውን አጎንብሶ አጠለቀና ቀና አለ። «አንቺም ሳጥኑን ከፍተሽዋል። ጥጡን ጠቅጥቀሽ ነው የመለስሽው፤ ድምፁ ታፍኗል፣ አባባ ለአፍታ ከፍ ሲያደርጉት እዚያ ተቀምጬ ለይቼዋለሁ። ግን አንቺ የከፈትሽው ቤትሽ ውስጥ ያለውን ነው። እኔ የራሴ ያልሆነውን ነው።»

«ወንበሩን ጨርሰህ አምጣ። ከዚያ በኋላ እንዳላይህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውዳሴ ቤት ውስጥ መጮኽ ተወች። ግድግዳው ጆሮ እንዳለው ካወቀች ወዲህ ቃል ሁሉ ከአፏ ሊወጣ ሲል ይመለሳል። ጆሮው ከደከመ አባት ጋር ደግሞ ካልጮኹ ወሬ የለም። ራት አቅርባ ታነሳለች። አቶ መሸሻ ያዩዋታል።

«ምነው ልጄ፣ ተጣላን እንዴ?» አሏት አንድ ቀን።

ራሷን ነቀነቀች። አለመጣላታቸውን በሹክሹክታ ልትነግራቸው አትችልም፤ ጮኻ ልትነግራቸውም አልሆነላትም። ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች። ለአባቷ ብቻ አልነበረም ያለቀሰችው። ያን የሰረቃትን ሰው ትወደዋለች፤ ይኼው ነው። ጫማ ቢሆን ጉድለቱን አሳይታ ወደ መጣበት ትመልሰው ነበር። ይሄ ግን የሚመለስ አልሆነላትም።

ሞቲ ወንበሩን ቅዳሜ እንደሚያመጣ ለአባቷ በጽሑፍ ላከ። ውዳሴ ላታየው ወሰነች። እሱ ሳሎን ሲገጥም መኝታ ቤቷ ተዘግታ ቆየች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ሳታዞር ወደ ሰርኬ ልትሄድ ወጣች። ከመውጣቷ እትዬ ዋጋነሽ በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ነይ ግቢ» አሏት።

«እርስዎም እኮ...» አለች ውዳሴ፤ እንባዋ መጣ። «እንዴት አንድ ቃል አይነግሩኝም?»

«ጥፋቴ ነው። እኔ እንኳ ደብዳቤ እየጻፍኩ ከምከርም ግድግዳው ይስተካከል ብዬ ነው ያስገባሁት። ዛሬ ግን ና ግባ ስለው አልገባም አለኝ። ‹ውዳሴ ካልፈቀደች አልረግጥም፤ ማለፍ አለማለፉን እርስዎ ያዳምጡልኝ› አለኝ። እኔ ደግሞ ድስት ጥጃለሁ። አንቺ አዳምጪ። ሰው የነገረሽን እንደሆነ መች ታምኛለሽ?»

በክርናቸው እየገፏት ግድግዳው ሥር ካለ ዱካ ላይ አስቀመጧትና ማድ ቤት ገቡ።

ውዳሴ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አደረገች። ምንም የለም። ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ድራማው ጀምሯል። አሁንም ምንም የለም። ቴሌቪዥኑን አልከፈቱት ይሆናል ብላ ጠረጠረች። ድንገት አባቷ ሳቁ። ብቻቸውን፣ ከልባቸው፣ ድራማው ላይ እንደሚስቁት አድርገው። እየሰሙ ነው! ከወራት በኋላ አባቷ እየሰሙ ነው፤ ወደዚህ ወገን ግን አንዲት ቃል አላለፈችም። ውዳሴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ትንሽ ቆይቶ የአቶ መሸሻ ድምፅ መጣ። እሳቸውማ ሲያወሩ ግድግዳም አይገድባቸው።

«ስማ አንተ ልጅ! ልጄን ምን አድርገሃት ነው ቤቱ እንዲህ የቀዘቀዘው?»

ሞቲ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«ምን አልክ? ጮክ በል፤ ይሄ ወንበርህ ጆሮዬን ሸፍኖታል!»

«ሳታውቅ በግድግዳ ሰማኋት አልኩ!»

«ለምን አልነገርካትም?»

ደግሞ ጉምጉምታ።

«አልሰማሁም!»

«ፈራሁ አልኩ! ከነገርኳት ዝም ትላለች፣ ድምፅዋ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ!»

ከዚያ አቶ መሸሻ፣ አርባ ዓመት ገዢ በጠሩበት ጉሮሯቸው፣ «ትወዳታለህ?» አሉ።

ቀጥሎ በጣም ዝቅ ያለ፣ ለግድግዳው የማይበቃ ድምፅ።

«ምን?»

ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ።

«ምን አልክ ልጄ?»

«እወዳታለሁ!» ብሎ ሞቲ ጮኸ። ከላይ ፎቅ መስኮት ተከፈተ። ታች ሱቁ በር ላይ አንድ ሰው አፏጨ።

ውዳሴ የሰማችውን ቃል እንደ ልማዷ ገለበጠችው፤ የሳሳ ቦታ ፈለገችለት። እሷ መኖሯን አያውቅም። ማንም እንዲል አላዘዘውም። ለደከመ ጆሮ ሲል ሠፈር ፊት ራሱን ያዋረደ ሰው ነው። ብትፈልግ ብትፈልግ ጉድለት አጣችበት።

«ሰምቻለሁ» አለች ለግድግዳው። አልጮኸችም።

ከዚያ ያ አንድ ወር የጠፋው ሳቅ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ መደናገጥ፣ ቀጥሎ በሙሉ ድምፁ፣ ብሎኬቱን አልፎ እሷ ዘንድ ደረሰ።

ስትገባ ሞቲ ፊቱ በርበሬ መስሎ ቆሟል። አቶ መሸሻ ከአዲሱ ወንበራቸው አልተነሱም። የወንበሩ መደገፊያ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ታጥፎ፣ ስፒከሮቹ በጨርቅ ተሸፍነው ልክ ጆሯቸው አጠገብ ውለዋል፤ የግራው ትንሽ ቀርቧል። የቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ቀጠን ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ውዳሴ አጎንብሳ ሥሩን አየች።

«ከሥር ቬርኒሽ አልቀባሁትም» አለ ሞቲ። «ዋንዛ መሆኑን በዓይንሽ እንድታዪው። ጀርባውንም በኮላ አልዘጋሁትም፤ በብሎን ነው።»

ከማስቀመጫው ጎን፣ ትንሽ ሚስማር ላይ፣ አንድ ካቻቪቴ ተንጠልጥሏል።

«ይሄስ?»

«በጠረጠርሽ ቁጥር ክፈቺው። ጥጡን ግን አትጠቅጥቂው።»

ውዳሴ ካቻቪቴውን ነካችው፤ አላነሳችውም። «ሳቅህን ለምን ደበቅከው?»

«ያስፈራኛል ብለሽ ነዋ።»

«አሁንም ያስፈራኛል» አለችው። «ግን አትተወው።»

ሦስተኛው ደብዳቤ አልመጣም። በመስቀል ማግስት የመጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እትዬ ዋጋነሽም ካልታደምኩ ብለው መሃላቸው ተቀምጠው ነበር። አቶ መሸሻ ነገሩን ሦስት ጊዜ አስደግመው ነው እሺ ያሉት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ውዳሴ ማድ ቤት ቆማ ሳህን ታጥባለች። ከዚያ ሆና አባቷን በጀርባ በኩል ታያቸዋለች፤ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለዋል፣ ቴሌቪዥኑ ዝቅ ብሎ ያወራል። ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የሚያሳስባት ነገር አለ። ውኃውን ዘጋችና ለራሷ እንደማውራት ያህል፣ በሹክሹክታ፣ «አባዬ፣ ያን ቀን ሞቲ መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ ያለውን እውነት አልሰማኸውም ነበር?» አለች።

«አልሰማሁም» አሉ አቶ መሸሻ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ።